የኪስ ሽጉጥ ማህደር፦ ሽጉጡ፣ ማህደሩና ሱሪው አንድ ላይ ሲመረጡ

ሽጉጥ ያለ ማህደር ኪስ ውስጥ አይገባም። ኪስ ውስጥ ቁልፍ አለ፣ ሳንቲም አለ፣ እስክሪብቶ አለ፣ የተጣጠፈ ገበር አለ። ከእነዚህ አንዱ በቃታው ቀለበት ሾልኮ ገብቶ፣ ሰውየው ሲቀመጥ ወይም እጁን ሲሰድ ቃታውን ከገፋው ሽጉጡ የተሠራበትን ሥራ ይሠራል፤ ጥይቱ መጀመሪያ የሚያገኘውም የባለቤቱን ጭን ነው። «ትንሽ ናት፣ ቃታዋም ከባድ ነው» የሚለው ማስተባበያ አያዋጣም። ትንሽነቷ ኪስ ውስጥ እንደልቧ እንድትገላበጥ ነው የሚረዳት።

አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አውጥተው ሽጉጥ ከሚይዙ ወገኖቻችን መካከል ሱቅ ወይም ነዳጅ ማደያ የሚሠሩ፣ ማታ ሒሳብ ዘግተው ብቻቸውን ወደ መኪናቸው የሚሄዱ አሉ። ቀበቶ ላይ የሚታሰር ማህደር ሰፋ ያለ ሸሚዝ ወይም ጃኬት ይፈልጋል፤ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከትቶ፣ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ቀና እያለ ለሚውል ሰው ኪስ ይቀለዋል። ችግሩ ሰው ሽጉጡን ለሳምንታት አጥንቶ ይገዛና ማህደሩን ሊወጣ ሲል ከመደርደሪያ ላይ ያነሳል፤ ሱሪውንማ ጭራሽ አያስብበትም። ሦስቱ ግን አንድ ዕቃ ናቸው። ሱሪው ካልሆነ ማህደሩ አይሠራም፤ ማህደሩ ካልሠራ ሽጉጡን ቤት መተው ይሻላል።

የኪስ ማህደር አምስት ሥራ አለው። ቃታውን ይሸፍናል። ሽጉጡን አፈሙዙ ወደ ታች፣ እጀታው ወደ ላይና ወደ ኋላ ሆኖ ሁልጊዜ በአንድ አኳኋን ያቆመዋል። ቅርጹን ይሰውራል። ላብና የጨርቅ ብናኝ ይከላከላል። ሽጉጡ ሲመዘዝ ደግሞ እሱ ኪስ ውስጥ ይቀራል። በመጀመሪያውና በመጨረሻው ላይ ድርድር የለም፤ በመካከል ባሉት ላይ ትንሽ መቻቻል ይቻላል።

ቃታውን በአውራ ጣት ፈትኑ

ማህደሩን እንደገዛችሁ፣ ኪስ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት አንድ ፈተና አለ። ጥይት የሚደረደርበትን ካዝና አውጡ፣ የላይኛውን ክፍል ወደ ኋላ ስባችሁ የጎረሰ ጥይት ካለ አስወጡ፣ የጥይት መጉረሻውን በዓይናችሁም በጣታችሁም አረጋግጡ። ጥይቱን ሁሉ ሌላ ክፍል አስቀምጡት። አሁን ባዶውን ሽጉጥ አቀባብሉት። ይህች እርምጃ ብዙ ጊዜ ትዘለላለች፤ ያልተቀባበለ ሽጉጥ ላይ ግን ቃታው ብዙውን ጊዜ ሞቶ ወደ ኋላ ስለሚቀመጥ ፈተናው ያታልላል። ከዚያ ማህደሩ ውስጥ አስገቡትና አፈሙዙን ደህና አቅጣጫ አስይዛችሁ፣ ቃታው ያለበትን ቦታ ከውጭ፣ ከሁለቱም ጎን፣ በአውራ ጣታችሁ ጠንከር አድርጋችሁ ተጫኑ። ቃታው ሲንቀሳቀስ ከተሰማችሁ፣ ወይም «ቀጭ» ካለ፣ ማህደሩን ለሻጩ መልሱ። የጠረጴዛ ጠርዝ፣ የመኪና በር እጀታ፣ የሕፃን ክርን ከአውራ ጣት የበለጠ ኃይል አላቸው።

ይህ ፈተና ለሁሉም ሽጉጥ እኩል አይከብድም። እንደ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 642 ያለ፣ መምቻው ውስጥ የተደበቀ አምስት ጎራሽ ሪቮልቨር ቃታው ረጅም ነው፣ ማለትም ብዙ ርቀት ካልተሳበ አይተኩስም፤ ለመሳብም 12 ፓውንድ ገደማ ኃይል ይጠይቃል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 የወጣው የመጀመሪያው ሩገር ኤልሲፒም ረጅም ቃታ ያለው ነው። በ2016 የመጣው ኤልሲፒ 2 እና በ2021 የተከተለው ኤልሲፒ ማክስ ግን አጠርና ቀለል ያለ ቃታ ይዘው መጡ። ለመተኮስ ይህ ጥሩ ነው፤ ለኪስ ግን ማህደሩ ላይ የሚጣለውን ኃላፊነት ይጨምራል። ለሪቮልቨሩ ወፍራም ጨርቅ ይበቃ ይሆናል፤ አጭር ቃታ ላለው ሽጉጥ ቃታው አካባቢ ደረቅ ነገር፣ ካይዴክስ የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ወይም ውስጡ ጠንካራ ሳህን የገባበት ቆዳ፣ ባይኖር አልመክርም።

ማህደሩ ለሞዴላችሁ መሠራቱንም አረጋግጡ። «ለትናንሽ ሽጉጦች ሁሉ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ማህደር አብዛኛውን ጊዜ ለአንዱም በልክ አይሆንም። ኤልሲፒና ኤልሲፒ ማክስ እንኳን በእጀታ ቁመት ይለያያሉ፤ የመጀመሪያው 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ሁለተኛው ከ10 ያልፋል። ቃታው ስር የሌዘር መብራት የተገጠመለት ሽጉጥ ደግሞ ለሌዘሩ ተብሎ የተሠራ ማህደር ይፈልጋል፤ በግድ ቢገባ ጠርዙ ቃታውን ሊነካ ይችላል።

ማህደሩ ለምን አብሮ ይወጣል?

የኪስ ማህደሮች ትልቁ እንከን ይህ ነው። ሰውየው ሽጉጡን ይመዛል፣ ማህደሩም እንደተጣበቀ አብሮ ይወጣል። ቃታው ተሸፍኗል፣ አፈሙዙ ተሸፍኗል፣ ሁለተኛው እጅ ደግሞ በዚያች ሰከንድ በር እየያዘ ወይም ልጅ እየገፋ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ማህደሩ ሽጉጡን የያዘበት ኃይል፣ ኪሱ ማህደሩን ከያዘበት ይበልጣል። መፍትሔው ከሁለቱ አንዱን መቀየር ነው፤ ውስጡን ማለስለስ ወይም ውጪውን ማጣበቅ።

አምራቾች ይህን በሦስት መንገድ ይሠሩታል። አንደኛው ውጪው የሚያዝ ጨርቅ ነው፤ የዲሳንቲስ ኔመሲስ የሚታወቀው በዚህ ነው፣ ውስጡ ለስላሳ፣ ውጪው ሲዳሰስ ሙጫ ነገር የሚል። ሁለተኛው መንጠቆ ነው፤ ማህደሩ በታችኛው ወይም በኋለኛው ጠርዙ ክንፍ ይኖረዋል፣ ሽጉጡ ወደ ላይና ትንሽ ወደ ኋላ ሲሳብ ክንፉ የኪሱን አፍ ይነክስና ይቀራል። ሦስተኛው የአውራ ጣት መግፊያ ነው፤ ካይዴክሶች ላይ የተለመደ፣ ሽጉጡን ስትይዙ አውራ ጣታችሁ ማህደሩን ወደ ታች የሚገፋበት ትንሽ ጉብታ። ለእኔ መንጠቆው ከሁሉም ይበልጣል፤ የሚያጣብቅ ጨርቅ ሲቆሽሽ ይሰንፋል፣ መግፊያው ደግሞ እጅ በትክክል ቦታው ላይ እንዲያርፍ ይጠብቃል። መንጠቆ ግን ለቀኝ ወይም ለግራ የተለየ ነውና ግራኝ ከሆናችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ፤ የሚገለበጡም አሉ።

አዲስ ቆዳ መጀመሪያ ላይ ሽጉጡን አንቆ ይይዛል። ለዚህ ዘይት አያስፈልግም፤ ዘይት ቆዳውን ያልፈሰፍሰዋል፣ ከዚያ በኋላ አይመለስም። ባዶውን ሽጉጥ በስስ ፌስታል ጠቅልላችሁ ማህደሩ ውስጥ ክተቱና አሳድሩት፤ ጠዋት በፌስታሉ ውፍረት ልክ ሰፍቶ ታገኙታላችሁ። ካልበቃ አንድ ሌሊት ድገሙት። ካይዴክስ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ማጥበቂያ ብሎን አለው፤ በሩብ ዙር እያላሉ መሞከር ነው። የሚያጣብቅ ጨርቅ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ብዙ ጊዜ ብናኝ ነው። በረጠበ ጨርቅ ጠርጋችሁ በጥላ አድርቁት፤ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ አትክተቱት።

ፈተናው እንዲህ ነው። በባዶ ሽጉጥ፣ በምትለብሱት ሱሪ፣ ቆማችሁ 30 ጊዜ ምዘዙ። አንድ ጊዜ እንኳን ማህደሩ አብሮ ከወጣ ምክንያቱን ፈልጉ። ያው ማህደር በጂንስ ኪስ ተይዞ በሱፍ ሱሪ ኪስ አብሮ ሊወጣ ይችላል፤ የሱፍ ሱሪ ኪስ ገበር እንደ ሐር ያንሸራትታል። ስለዚህ ፈተናው በእያንዳንዱ ሱሪ ይደገማል።

ጨርቅ፣ ቆዳ፣ ካይዴክስ

ጨርቅ ርካሽ ነው፣ ከ20 እስከ 35 ዶላር ያወጣል፣ ቀላል ነው፣ ቅርጽን ጥሩ አድርጎ ይሰውራል። ድክመቱ መልፈስፈሱ ነው። ከወራት በኋላ አፉ ይከደናል፣ ጥጉ ይበላል፣ ቃታውን የሚሸፍነው ክፍል ይሳሳል። የአውራ ጣቱን ፈተና በየሦስት ወሩ ድገሙት፤ የወደቀ ቀን ማህደሩ ወደ ቆሻሻ ይሂድ። ለ25 ዶላር የሚሳሱለት ነገር አይደለም።

ቆዳ ውጪው ሻካራ ጎኑ ወደ ኪስ ዞሮ ከተሰፋ በራሱ ይይዛል፤ ከጊዜ ጋርም የሽጉጡንም የኪሱንም ቅርጽ ይለምዳል። ጠላቱ ላብ ነው። በሐምሌ ሙቀት ሂዩስተን ወይም አትላንታ ውስጥ ቆዳ ላቡን ይጠጣና ለብረቱ ያካፍለዋል። ሽጉጡን ለረጅም ጊዜ ቆዳ ውስጥ አታስቀምጡ፤ ቆዳው የለፋበት ኬሚካልና እርጥበቱ ብረቱን ያዝጋል፣ የጥይቱን ነሐስም አረንጓዴ ያደርገዋል።

ካይዴክስ ቃታን በመሸፈን አቻ የለውም፤ ላብ አያስገባም፣ ቅርጹን አይቀይርም። ግን ደረቅ ነው፤ ጠርዙ ቀጭን ሱሪ ላይ መስመር ያወጣል፣ ወንበር ሲነካ ይንኳኳል፣ የኪስ ገበርንም ቶሎ ይበላል። ወፍራም ሱሪ ለሚለብስ ሰው ምርጫዬ ይህ ነው፤ ለስስ ሱሪ ሻካራ ቆዳ።

ከሁሉም የምከለክለው አንድ ዓይነት አለ። ቦርሳ መስሎ የተሠራ፣ በቃታው ቦታ ቀዳዳ ያለውና ሽጉጡ ሳይወጣ እንዲተኮስበት የታሰበ ማህደር። ቃታው ክፍት መሆኑ ብቻውን ይበቃ ነበር፤ ነገሩ ሕግም አለበት። ሽጉጥና እንዲህ ያለ ማህደር አንድ ላይ ሲሆኑ በ1934ቱ ብሔራዊ የጦር መሣሪያ ሕግ ስር ልዩ ምዝገባ የሚጠይቅ መሣሪያ ሆነው ይቆጠራሉ፤ ሳይመዘገብ መያዝ የፌዴራል ወንጀል ነው። ኪስ ላይ የቦርሳ ቅርጽ እንዲመስል አራት ማዕዘን ቁራጭ ብቻ የተሰፋበት፣ ቃታውን ግን ሙሉ በሙሉ የሸፈነ ማህደር ከዚህ ጋር አይገናኝም፤ እንዲያውም ጥሩ ነው።

ኪሱ ራሱ

የተለመዱት የኪስ ሽጉጦች መጠን ይህን ይመስላል። ኤልሲፒ ርዝመቱ 13 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 2፣ ባዶ ክብደቱ 270 ግራም ገደማ። 642 ርዝመቱ 16፣ ጥይት የሚጎርሰው ከበሮው ላይ ውፍረቱ 3.3፣ ክብደቱ ከ400 ግራም በላይ። በ2018 የወጣው ሲግ ፒ365 ርዝመቱ 14.7፣ ቁመቱ 11፣ ውፍረቱ 2.5፣ ክብደቱ 500 ግራም። በወረቀት ላይ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ኪስ ውስጥ ኤልሲፒ ይረሳል፣ 642 ይታወሳል፣ ፒ365 ደግሞ ሱሪውን ይጎትታል። ፒ365ን በኪስ የሚይዙ አሉ፤ እኔ ግን ከቀበቶ ጎራ እመድበዋለሁ።

ማህደሩ በዚህ ሁሉ ላይ በየጎኑ ጥቂት ሚሊ ሜትር፣ ከታች ደግሞ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ማህደሩን ካርቶን ላይ አስቀምጡና ከነሽጉጡ እጀታ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሩ፣ ቁረጡት። ልብስ መሸጫ ስትሄዱ የምትይዙት ይህንን ካርቶን ነው፤ የመልበሻ ክፍል ሽጉጥ የሚሞከርበት ቦታ አይደለም። ካርቶኑ ኪስ ውስጥ ገብቶ የእጀታው ጫፍ ከኪሱ አፍ በታች መቅረት አለበት። ቁጭ በሉ፣ ተነሱ፣ ደረጃ ውጡ። ካርቶኑ ወደ ጎን ከተጋደመ ኪሱ ከሚገባው በላይ ሰፊ ነው፤ ጫፉ ብቅ ካለ ጥልቀት ይጎድለዋል።

ሁለተኛው ልኬት እጃችሁ ነው። ባዶ እጅ መግባቱ ምንም አያረጋግጥም። እጀታ እንደያዛችሁ አድርጋችሁ ጨብጡና በዚያው ጭብጥ ውጡ፤ አንጓችሁ የኪሱን ስፌት ከፋቀ በጭንቀት ሰዓት ይቀረቀራል። ጠባብ ጂንስ፣ አፉ ወደ ጎን የተጠማዘዘ ኪስ፣ ሁለቱም እዚህ ይወድቃሉ። አፉ በሰያፍ የተቆረጠ፣ ጭኑ ላይ ላላ ያለ ሱሪ ያልፋል። የስፖርት ቱታ ጨርሶ አይሆንም፤ ሽጉጡ እንደ ፔንዱለም ይወዛወዛል፣ ሲሮጡ ደግሞ ሱሪው ይወርዳል። ሽጉጡ ኪስ ውስጥ ቢሆንም ጥሩ ቀበቶ አስፈላጊ ነው።

ሱሪው ጥሩ ሆኖ ኪሱ ብቻ ካጠረ ለልብስ ሰፊ መስጠት ይቻላል። የኪሱን ከረጢት በጠንካራ የጥጥ ጨርቅ ተክቶ 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ማስረዘምና የአፉን ታችኛ ጥግ በድርብ ስፌት ማጠንከር ቀላል ሥራ ነው። ሰፊው ለምን ብሎ ቢጠይቅ «ለስልክ» ማለት ይበቃል። የኪስ ከረጢት ይቀደዳልና በየወሩ ገልብጣችሁ እዩት።

ያ ኪስ ከዚያ በኋላ የሽጉጡ ብቻ ነው። ስልክ፣ ቁልፍ፣ ሶፍት፣ ማስቲካ ወደ ሌላ ኪስ። የኋላ ኪስ ለዚህ አይሆንም፤ ይቀመጡበታል፣ ከኋላ ያለ ሰውም ያየዋል።

መምዘዝና መመለስ

እጅ ጠፍጣፋ ሆኖ ይገባል፣ ኪስ ውስጥ ሆኖ ይጨብጣል። ጠቋሚ ጣት ቀጥ ብሎ ከማህደሩ ውጪ ይቀራል። ሽጉጡ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ አፈሙዙ ከኪሱ አፍ ካለፈ በኋላ ብቻ ወደ ፊት ይዞራል። ቶሎ የሚያዞር ሰው ማህደሩን ይዞ ይወጣል፣ ወይም አፈሙዙን በገዛ ጭኑ ላይ ያሳልፋል። መምቻው ውጪ ያለ ሪቮልቨር ከሆነ አውራ ጣትን መምቻው ላይ አሳርፎ መምዘዝ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ጫፉ ገበሩን ይነክሳል። 642 ለኪስ የሚወደደው ይህ መምቻ ስለተደበቀለት ነው።

ሲመለስ ደንቡ ይለወጣል። ሽጉጥ ኪስ ውስጥ ወዳለ ማህደር አይከተትም። ማህደሩ ከኪስ ይወጣል፣ ሽጉጡ እያዩ፣ አፈሙዙ ከሰው ርቆ፣ ማህደሩ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ሁለቱ እንደ አንድ ዕቃ ወደ ኪስ ይመለሳሉ። የኪስ አፍ ጨርቅ ታጥፎ የቃታው ቀለበት ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ሽጉጡ ወደ ታች ሲገፋ ጨርቁ ቃታውን ይስባል። ማታ ቤት ሲደርሱም እንዲሁ ነው፦ ሽጉጡን ከማህደሩ ሳያወጡ ከነማህደሩ አውጥቶ ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ።

መጸዳጃ ቤት ውስጥ ሽጉጡ ኪስ ውስጥ ይቆይ፤ ሱሪው ሲወርድ ኪሱን በእጅ ደግፉት። የወረቀት ማስቀመጫ ላይ ያኖረ ሰው ረስቶ ይወጣል። ሽጉጥ ከወደቀም ይውደቅ፤ በአየር ላይ ለመቅለብ የሚዘረጋ እጅ ቃታውን ነው የሚያገኘው።

የኪስ ትልቁ ድክመት መቀመጥ ነው። መኪና ውስጥ፣ ቀበቶ ታስሮ፣ ጭን ታጥፎ ሽጉጥ ከኪስ መምዘዝ ለአብዛኛው ሰው አይቻልም። ስለዚህ ሲነዱ የሚውሉ ሰዎች «ለታክሲ ኪስ ይሻላል» ሲባሉ አይመኑ። በዚያ ላይ ኡበርና ሊፍት ሾፌሮች በሥራ ላይ መሣሪያ እንዳይዙ በደንባቸው ይከለክላሉ፤ ሽጉጥ የመያዝ ፈቃድ ቢኖራችሁም የመተግበሪያው አካውንት ሊዘጋ ይችላል። ሽጉጡን ከኪስ አውጥቶ በወንበሮቹ መካከል መወሸቅ ደግሞ የባሰ ነው፤ መኪናው ፍሬን ሲይዝ የት እንደሚሄድ አይታወቅም።

ካፖርት፣ ድንበር፣ አየር ማረፊያ

ክረምት ሲመጣ፣ በተለይ ሚኒያፖሊስና ዴንቨር፣ ሽጉጡን ወደ ካፖርት ኪስ ማዛወር ይመቻል። ይመቻል፣ ግን አታድርጉት። ለቅሶ ቤት ወይም ክርስትና ሲሄዱ ካፖርቱ የት እንደሚሄድ ይታወቃል፦ መኝታ ቤት፣ አልጋ ላይ፣ ከሌላው ካፖርት ጋር ተከምሮ፣ ልጆቹ የሚጫወቱበት ክፍል። ካፖርት ይወልቃል፤ ሱሪ አይወልቅም። ቤተ ክርስቲያንም ሽጉጥ ይዞ መሄድ የግቢውንና የክፍለ ግዛቱን ደንብ ማወቅ ይጠይቃል፤ ስግደት ላይ ከኪስ መንሸራተቱን ሳንጨምር።

በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖሩ ደግሞ አንድ ነገር መደጋገም አለበት። ዲሲም ሜሪላንድም የሌላ ክፍለ ግዛት ፈቃድ አይቀበሉም። የሜሪላንድ ፈቃድ ይዞ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚሠራ ሰው በጆርጂያ አቬኑ ወርዶ ኢስተርን አቬኑን ሲሻገር፣ ኪሱ ውስጥ ያለው ሽጉጥ ከሕጋዊ ወደ ወንጀል ይለወጣል። ከአሌክሳንድሪያ ድልድይ ለሚሻገረው የቨርጂንያ ፈቃድም እንዲሁ። ቴክሳስ ከመስከረም 2021፣ ጆርጂያ ክፍለ ግዛት ከሚያዝያ 2022 ጀምሮ ያለ ፈቃድ መያዝን ቢፈቅዱም፣ ፖስታ ቤትና የፌዴራል ሕንፃ የትም ቢሆን ክልክል ነው።

መያዝ የሚችለው ማን ነው የሚለው ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል፣ ዲቪ ደርሶት የመጣም በዚሁ ይገባል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር በፌዴራል ሕግ ይከለከላል። ሱቅ ውስጥ የሚሞላው ቅጽ 4473 የዕፅ ተጠቃሚነትንም ይጠይቃል፤ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራሉ ቁጥጥር የሚደረግባቸው ዕፆች ዝርዝር አንደኛው ክፍል ውስጥ እንዳለ ብዙ ሰው አያውቅም። ቅጹ ላይ መዋሸት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

የኪስ ሽጉጥ የሚረሳ ዕቃ በመሆኑ አየር ማረፊያ ላይ አደጋ ያመጣል። በ2023 የአሜሪካ አየር ማረፊያዎች ፍተሻ 6,737 ሽጉጦችን መንገደኛ ላይ ይዟል፤ ከመቶ ከዘጠና በላዩ ጥይት የጎረሱ ነበሩ። የአስተዳደር ቅጣቱ ከ10 ሺህ ዶላር ሊያልፍ ይችላል። ወደ አገር ቤት ከመብረራችሁ በፊት ሁሉንም ኪስ፣ የእጅ ቦርሳና የካፖርት ገበር ፈትሹ፤ አንድ ፍሬ ጥይት እንኳን ይበቃል። የአሜሪካ ፈቃድ ቦሌ ላይ ዋጋ የለውም፤ እዚያ የሚገዛው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ነው።

ጽዳት

ኪስ ከቀበቶ ይልቅ ብናኝ ያመርታል። በየሳምንቱ ጥይቱን አውጥታችሁ አፈሙዙን፣ የመምቻውን አካባቢና የካዝናውን አፍ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ጥረጉ። ጫፋቸው የተቦረቦረ ጥይቶች ቀዳዳቸው በብናኝ ይሞላል፤ በሽቦ ሳይሆን በእንጨት ስንጥር ጎርጉሩት። ዘይት በጣም ጥቂት፣ የሚፋተገው ብረት ላይ ብቻ፤ የበዛ ዘይት ብናኙን ለቁሶ ጭቃ ያደርገዋል። ማህደሩንም ገልብጣችሁ አራግፉት።

ለጽዳት ባወጣችሁ ቁጥር ያንኑ ጥይት ደጋግማችሁ አታጉርሱት። በየጊዜው ሲጎርስ አረሩ ቀለሁ ውስጥ ወደ ኋላ ይገፋል፣ ጥይቱ ያጥራል፣ ሲተኮስ ግፊቱ ከሚገባው በላይ ይሆናል። ከካዝናው አዲስ ጥይት አውጥታችሁ ጎን ለጎን ለኩት፤ በዓይን የሚታይ ልዩነት ካለ ያጠረው ለልምምድም አይሁን፣ ለተኩስ ሜዳው ሠራተኛ ስጡት። ልኬቱ እኩል ከሆነ እሱን ወደ ካዝናው ታች ላኩና ሌላውን አጉርሱ።